ስለ ባነሩ ድረ ገጾችና ስለ ጣሀ ማንጎ፦ ለወረዳችን የትምህርት ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ቢሮዎ ነፋሻ፣ የስልክዎ ኔትወርክም እንደ ስብሰባዎ የማይቋረጥ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ዋቅሹማ ጂራታ እባላለሁ። ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው፣ ለክብርዎ ስል ስሟን በማልጠቅሳት ትንሽ ከተማ ወፍጮ ቤት አለኝ። የቀነኒ አባትም ነኝ። እርስዎን የመሰለ ሥራ የበዛበት ሰው በደብዳቤ ማድከም ነውር መሆኑ አይጠፋኝም፤ ነገር ግን የዋሉልን ውለታ በሆድ ተይዞ የሚያድር ስላልሆነ በአደባባይ ላመሰግንዎ ተነሣሁ። መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር የሌለውን ጽሑፍ እንደማያነብ ስለተነገረኝ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ባነሩ አመሰግናለሁ። ካቻምና መስከረም ከነመኪናዎ መጥተው «ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለጥናትና ለምርምር የሚጠቅሙ ድረ ገጾች» የሚል ትልቅ ባነር በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲያሰቅሉ ከወላጆች ጋር ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። «ከእንግዲህ መጽሐፍ አነሰን ብሎ ማልቀስ የለም፤ ዓለም በእጃችሁ ናት!» ያሉት ንግግር እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። በባነሩ ላይ የእርስዎ ፎቶ ከድረ ገጾቹ አድራሻ ይልቅ ጎልቶ መታተሙም ተገቢ ነበር፤ አድራሻውን ከሩቅ ማንበብ ያቃተው ተማሪ ቢያንስ ማን እንዳሰበለት ያውቃል። የኮምፒውተር ክፍሉ እንደተቆለፈ፣ ኮምፒውተሮቹም ከነፕላስቲካቸው እንደተቀመጡ፣ የኢንተርኔቱ መስመር ግን ገና እንዳልተዘረጋ ሰምተው ይሆናል፤ ሪባኑን እንደቆረጡ ሳይውሉ ሳያድሩ ተመለሱ። ከባነሩ ጎን «ስልክ ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል የቆየ ማስታወቂያ ነበር። ሁለቱ እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

2. ልጆቻችን ቃልዎን አምነው እንዲሞክሩ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። ያኔ ቀነኒና የልብ ጓደኛዋ ኢቲዳል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። የባዮሎጂ መምህርታቸው ሸዋሉል «በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ችግር መርጣችሁ አጥኑ» ስትላቸው ብዙ ማሰብ አላስፈለጋቸውም። የኢቲዳል አባት ጣሀ ከከተማው ዳር የማንጎ ማሳ አለው፤ ቤተሰቡ የሚኖረው በዚያ ነው። ማንጎው ግን ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት እስኪመስል ነጭ ተባይ ወርሶት፣ ፍሬውም ጠቃጠቆ እያወጣ ገበያ ላይ የሚያነሣው ጠፍቶ ነበር። ኢቲዳል አባቷ ዛፎቹን ከሥር ቆርጦ በቆሎ ሊዘራበት መወሰኑን ሰምታ ስታለቅስ ሰንብታለች። እናም አድራሻዎቹን ከባነርዎ ላይ ገልብጠው፣ የእኔን ስልክ ተውሰው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ኔትወርክ በደንብ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጡ። ስልኩ የእኔ ነውና አብሬ ወጣሁ።

የመጀመሪያው አድራሻ አልከፍት አለ። ቀጥሎ ያለው በዶላር ካርድ ካልከፈላችሁ አላስገባም አለ። ሦስተኛው ግን በደስታ ተከፈተ። በደስታ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእግር ኳስ ማሊያ የለበሰ ጎረምሳ በገንዘብ ዝናብ ውስጥ እየጨፈረ «አሁኑኑ ተወራረዱ!» ይል ነበር። ባነሩን ያተመልዎ ሰው አንዲት ፊደል ስቶ ልጆቻችንን ከሳይንስ ወደ ውርርድ ቤት ልኳቸዋል። ኢቲዳል በሻሿ ፊቷን ሸፍና «ዓሚ፣ ወላሂ እኛ ሌላ ነገር አልነካንም!» አለችኝ፤ እንደ አጎቷ ነው የምትጠራኝ። ቀነኒ ደግሞ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ፍርድ ላለማጉደል አንድ ነገር ልመስክር፤ ከታች ከተጻፉት አንዱ፣ ፊደሉ በተአምር ያልተሳተ፣ የምርምር ጽሑፎችን በነፃ የሚያስነብብ ድረ ገጽ ነበር። እዚያ ውስጥ ስለዚያው ነጭ ተባይ ተጽፎ አገኙ። መምህርት ሸዋሉል ባነርዎ ያላለውን አስተምራቸው ነበርና አንድ ነገር ባነበቡ ቁጥር ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ሌላስ ሰው ይህንኑ ብሏል ወይ እያሉ ይጠያየቁ ነበር። «ዛፉን በነጭ ጋዝ እጠቡት» የሚል ጸሐፊው የማይታወቅ ምክር ቢያጋጥማቸው ቀነኒ «ይሄ ስም የለውም፤ እለፊው» ብላ አሳለፈችው። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈቱ፣ የተጨናነቀውን ቅርንጫፍ መግረዝ፣ የተበከለውን ቅጠል መቅበር፣ ፍሬን ከነቅጠሉ ከማሳ ማሳ አለማዘዋወር የሚሉትን ነገሮች በእስክሪብቶ ጻፉ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ኢቲዳል ከጉብታው ወደ ቤቷ በሩጫ ነው የወረደችው። ያን ዕለት እርስዎን ከልቤ መርቄዎታለሁ፤ ምርቃቱን ግን ብዙም ሳይቆይ መልሼ ወስጃለሁና ይቅርታ ያድርጉልኝ።

3. ስለ ሥነ ሥርዓት ኮሚቴውም አመሰግናለሁ። ሰኞ ጠዋት ልጆቹ በስልኩ ላይ ያለውን የተባዩን ፎቶ ከእውነተኛው ቅጠል ጋር አስተያይተው ለመምህርታቸው ሊያሳዩ ስልኩን ይዘው ሄዱ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ያዟቸው፤ ስልኩን ሲከፍቱትም ያ ጎረምሳ እየጨፈረ ተቀበላቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ማንጎ የሚሰማ ጆሮ አልተገኘም። ሁለቱም ልጆች በሰልፍ ፊት ቆመው «ቁማርተኞች» ተባሉ። ልጄ እቤት መጥታ ምሳ አልበላም ብላ ግድግዳ እያየች ተኛች፤ ያን ቀን ወፍጮውን አላስነሣሁም።

ጣሀና እኔ ተጠርተን ኮሚቴው ፊት ቀረብን። እኔ ኮሚቴውን በትሕትና ለምኜ ወደ ባነሩ ወሰድኩት፤ አድራሻውን ፊደል በፊደል እያነበብኩ በራሳቸው በምክትሉ ስልክ እንዲጽፉት አደረግሁ። ኔትወርኩ ተንቀራፎ ሲመጣ ጎረምሳው በምክትሉም ስልክ ላይ ጨፈረ። ምክትሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ባነሩ ከበላይ አካል የመጣ ስለሆነ ስህተት ሊኖረው አይችልም» አሉ። ክቡር ሆይ፣ ወፍጮዬ ብዙ ነገር ፈጭቷል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ገብቶበት አያውቅም።

ያን ጊዜ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነው፣ በስብሰባ ላይ ተናግሮ የማያውቀው ጣሀ ተነሣ። «እኔ አማርኛ ትንሽ ነው» አለ። «ግን ዓይን አለ። ልጄ ማንጎ ፈለገ። ቁማር የሰጠው ግድግዳ ነው። ልጅ ይባረራል፤ ግድግዳ ለምን አይባረርም?» ከኮሚቴው አባላት አንዱ በአማርኛው ሳቀ። እኔ አማርኛ ጠንቅቆ ከሚያውቀው ከዚያ ሰው አንድም እውነት ስላልሰማሁ ምን እንዳሳቀው ሳይገባኝ ቀረ። ውሳኔው ግን ተወሰነ፤ ሁለቱም እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ከትምህርት ታገዱ፣ «ስልክ በመያዝና አልባሌ ድረ ገጽ በመጎብኘት» የሚል ወቀሳም በማኅደራቸው ገባ። መምህርት ሸዋሉል በየሳምንቱ ትምህርቱን እቤት ድረስ እያመጣች ባታስጠናቸው ኖሮ ዓመቱ ባክኖባቸው ነበር።

4. ስለ ፎቶውም ሳላመሰግን አላልፍም። ጣሀ ልጁን አመነ። ምርቱ እንዳለቀ መጥረቢያውን አንሥቶ ግንዱን ሳይሆን የተጨናነቀውን ቅርንጫፍ ገረዘ፣ ቅጠሉንም ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረ። ጎረቤቶቹ «ሰውዬው ተስፋ ቆርጦ ማሳውን እያጠፋ ነው» ብለው አዘኑለት። አምና ግንቦት ላይ ግን ፍሬው ጠርቶ ወረደ፤ ያዘኑለትም ሁሉ መጥረቢያ ይዘው ሊጠይቁት መጡ። ወሬው እርስዎ ዘንድ ሲደርስ፣ ስለ ቅጣቱ የጻፍንልዎ ቅሬታ ሲደርስ ባላየነው ፍጥነት የመሥሪያ ቤትዎ ካሜራ ማሳው ውስጥ ተገኘ። ጣሀ ልጆቹን ጠርቶ «እነሱ ነው ያነበበው፤ እነሱ ይነሳ» ቢል፣ ባለሙያዎ «የዲሲፕሊን ሪከርድ ያለበት ተማሪ በገጻችን አናወጣም» ብለው መለሱለት። ጣሀም ኢቲዳልን እጇን፣ ቀነኒን ትከሻዋን ይዞ ከካሜራው ፊት ወጣ። ስለዚህ ዛፉን ብቻውን አነሣችሁት። በፌስቡክ ገጻችሁ ላይ «በድረ ገጽ አጠቃቀም ንቅናቄያችን ውጤታማ የሆነ ማሳ» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ አይቻለሁ። ዛፉ መቃወም የማይችል መሆኑ በጀዎት።

5. ለራሴ ምንም አልለምንም። ሁለቱም ልጆች አሶሳ ሄደው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናቸውን ተፈትነው አልፈዋል። ኢቲዳል የዕፅዋት ሳይንስ ልታጠና ነፃ የትምህርት ዕድል ጠይቃ የመልካም ሥነ ምግባር ማረጋገጫ አምጪ ስትባል፣ ትምህርት ቤቱ «ከወረዳ ትእዛዝ ካልመጣ አንጽፍም» አለ። ወረዳው፣ ማለትም እርስዎ፣ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» አሉ። መምህርት ሸዋሉል ምክትሉ እያስጠነቀቋት በገዛ ስሟ የምስክርነት ወረቀት ጻፈች፤ ማንጎ ያላቸው ጎረቤቶችም ከሥሩ ፈረሙ፣ መፈረም የማይችሉት አሻራቸውን አኖሩ። ዕድሉን የሚሰጡት ሰዎች አንብበው ልጅቷን ተቀበሏት። እርስዎ በሂደት ላይ እንዳሉ ኢቲዳል ሄዳለች።

የቀረኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። የሁለቱን ልጆች ስም ከዚያ ወቀሳ ይፋቁልን፤ ያቺን ፊደልም ያርሙልን። ልጆቹ በሌሉበት ጥፋት ስማቸው በማኅደር ታስሮ እንዳይኖር ነው። ፊደሏም ቀላል አትምሰልዎ። ከባነርዎ ላይ የሰፈራችን ወንድ ተማሪ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው አድራሻ የዚያ ጎረምሳ ብቻ ሆኗል።

ባነርዎ እስኪደበዝዝ ድረስ በጨዋነት የሚያነብልዎ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሣዎት፣

ዋቅሹማ ጂራታ
ባለ ወፍጮ፣ የቀነኒ አባት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ጨዋነት ስለሆነ በመጀመሪያ በራስዎ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ በኩል ልልክልዎ ሞክሬ ነበር። «አስተያየት ይላኩ» የሚለውን ብነካው ምንም አልሆነም። በገጹ ላይ ያገኘሁት ዜና አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የድረ ገጹ ምረቃ ነው።