ስለ አንድ ስንዝር የሱሪ ጫፍ

ለተከበሩ አቶ ቢያድግልኝ
የመሥሪያ ቤታችን የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ
መካነ ሰላም

አሰላሙ አለይኩም እያልኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ የወሎ ቦረና ብርድም ጉልበትዎን የማይደፍር እንዲሆን ከልቤ ዱዓ አደርጋለሁ። እኔ ዋናው በር ላይ ስድስት ዓመት የቆምኩት የጥበቃ ሠራተኛዎ ዘሊካ ነኝ። በግልጽ የምጽፍልዎ ውለታዎ ፋይል ውስጥ ተዘግቶ እንዳይቀር ሰግቼ ነው።

፩. በቅድሚያ ስለ ደንብ ልብሱ አመሰግናለሁ። አጭሩንም ረጅሙንም በእኩል ዓይን አይተው ለሁላችንም አንድ ልክ ሱሪ አስመጡልን። እኔ ስለብሰው ስንዝር ሙሉ ተርፎ መሬት ይጠርግ ነበር፤ ከወረኢሉ የመጡ እንግዶችን ልቀበል ስሮጥም ጫፉን ረግጬ ደረጃው ላይ ተዘረጋሁ። እርስዎም አዝነውልኝ፣ እስከ ሰኞ ሱሪዋን አስተካክላ ካልቀረበች በር ላይ እንዳትቆም ብለው በደብዳቤ አዘዙ።

፪. ልብስ ሰፊው አህመዲን የሰርግ ልብስ ተደራርቦበት ከሁለት ሳምንት በፊት እንደማይደርስልኝ ነገረኝ። ስለዚህ እሁድ ጠዋት ጎረቤቴን የኔአለምን ጠራሁ። ጫማዬን አድርጌ ቆምኩ፤ እሷ ተንበርክካ ተረከዜ ጋ በሳሙና ምልክት አደረገች። ለቅምቅማቱ ሦስት ጣት ትተን ቆረጥን፣ ሁለቴ አጥፈን በስፒል ያዝነው፣ ክሩ ከውጭ እንዳይታይም በስሱ እየወጋሁ በእጄ ቀመቀምኩት። ከትምህርት ቤት ወዲህ መርፌ ይዤ አላውቅም ነበር። ለብሼው ግቢውን ስዞር የገዛ ጫማዬን በዓይኔ አየሁት፤ የኔአለምና እኔ እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። በማግስቱ የሥራ ባልደረባዬ አለኸኝ አይቶ ቀናና የእሱንም አሳጠርኩለት።

፫. እርስዎ ግን የታዘዘው ማስተካከል እንጂ መቁረጥ አይደለም በማለት፣ የመንግሥት ንብረት አጉድላችኋል ብለው ለሁለታችንም ማስጠንቀቂያ ጻፉልን፤ ከተደገመ ከሥራ እንደምንሰናበትም አከሉበት። ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልዋጥ ብሎኝ ስለነበር ወገቡንም ማጥበብ ሊያስፈልገኝ ነበር።

፬. ሐሙስ ቢሮዎ አስጠሩኝ። የዞን እንግዶች ሊመጡ አንድ ሰዓት ቀርቷል፤ አዲሱ ሱሪዎ ጫማዎ ላይ ተጠቅልሏል። ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «ዘሊካ፣ እንደ ራስሽ አድርጊልኝ» አሉኝ። ለካሁ። እርስዎ መዝገብ ክፍል ገብተው ጋቢ አገልድመው ሱሪውን በበሩ ክፍተት አቀበሉኝ። አንዱን እግር ቆርጬ፣ ቀምቅሜ እንደጨረስኩ፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ መርፌዬን አስቀመጥኩ።

«ጌታዬ፣ እኔ ማስጠንቀቂያ ያለብኝ ሰው ነኝ፤ ሌላውን እግር ከቆረጥኩ እባረራለሁ» አልኩ።

 ከበሩ ጀርባ ሆነው ወረቀት እንዳመጣ ነገሩኝ። ማስጠንቀቂያው መነሳቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፌ በበሩ ሥር አሳለፍኩ፤ ተፈርሞ ተመለሰ። እኔም ሁለተኛውን እግር ጨረስኩ።

ነገር ግን ሳቄን ለማፈን ስታገል የአለኸኝን ማስጠንቀቂያ ማስነሳት ረሳሁ። እሱ አራት ልጅ የሚያሳድግ፣ መቀስ በእጁ ያልነካ ሰው ነው። ጥፋት ካለ መቀሱን የያዝኩት እኔ ነኝና፣ የእሱም እንዲነሳለት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እንቢ ካሉም የእኔን መልሰው ይጻፉት፤ ብቻዬን ነፃ ወጥቼ በሩ ላይ ከእሱ ጎን ለመቆም ዓይን የለኝም።

ሲገቡ ተነስታ፣ ሲወጡ ሰላምታ ሰጥታ የምታሳልፍዎ፣ ለመርፌዋ እንጂ ለምላሷ ማስቀመጫ ያላገኘች ታዛዥዎ፣
ዘሊካ አሕመድኑር

ማስታወሻ፦ ከእንግዶቹ ጋር ሲወጡ የቀኝ እግርዎ ሱሪ በሁለት ጣት አጥሮ አየሁት። የእጄ ስህተት አይደለም፤ ስለካዎት ስልክ ሊያነሱ ዘንበል ብለው ነበር። ቀጥ ብሎ የሚቆም ኃላፊ ሲመጣልን ቅምቅማቱም ቀጥ ይላል።