ከሰልዋ እግር ሥር

ቶሮንቶ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም እማዬ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? አዲሱ መድኃኒት ሆዴን ያቃጥለኛል ብለሽኝ ነበር፤ ባዶ ሆድሽን እየወሰድሽው እንዳይሆን። ኮምቦልቻ ብርዱ ገባ? ውኃውስ አሁንም በፈረቃ ነው? ጀሪካኑን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ማን እያወጣልሽ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

በየሳምንቱ በቪዲዮ እየተያየን ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። እዚህ ስልኩ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ቆሞ፣ ሁሉም ተሰብስቦ ነው የማወራሽ። አንቺ “ተመቸሽ?” ትዪኛለሽ፤ እኔ “አዎ” እልሻለሁ። ከዚያ በላይ ምን እላለሁ? ጎረቤታችን ስንታየሁ ወደ ደሴ ልትሄድ ስለሆነ ይህን በእጇ እልክልሻለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

እማዬ፣ መጥፎ ነገር ሠርቻለሁ።

ሰልዋን ታውቂያታለሽ። ማለቴ፣ እንዳለች ታውቂያለሽ። እዚህ የተወለደችው የአባዬ ልጅ፣ በሁለት ዓመት የምታንሰኝ። የምንተኛው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ስመጣ ሳትጠየቅ ከቁም ሳጥኗ ግማሹን ለቀቀችልኝ። ክፉ ብትሆንብኝ እኮ ይቀለኝ ነበር።

አባዬ የእሷን የጫማ ቁጥር ያውቃል። ጥሬ ሽንኩርት እንደማትበላ፣ ጥርስ ሐኪም ስትፈራ እንደምትስቅ ያውቃል። እኔ በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ጫማ ሊገዛልኝ ወሰደኝና ሻጩ ቁጥሬን ሲጠይቀው ዞሮ አየኝ። ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ የማየው ሁሉ ይቆጠቁጠኛል። ትራሷን ሲያስተካክልላት እቀናለሁ። ሲቆጣት እንኳ እቀናለሁ፤ እኔን ተቆጥቶኝ አያውቅማ፣ እንደ እንግዳ ነው የሚይዘኝ።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤታችን የቺርሊዲንግ ቡድን አባላትን ሊመርጥ ማስታወቂያ ለጠፈ። ቺርሊዲንግ ማለት ጨዋታ ሲኖር ከሜዳው ዳር ሆኖ በኅብረት እየጮኹ፣ እየዘለሉ፣ አንዷን ልጅ ወደ ላይ አንሥቶ በመዳፍ ላይ እያቆሙ ቡድንን ማበረታታት ነው። ልብሱ እንዳያሳስብሽ፤ ረጅም ሱሪ ይፈቀዳል፣ ሻሼንም አላወለቅሁም። ሰልዋ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ጂምናስቲክ ስለተማረች እሷ እንደምታልፍ ማንም አልተጠራጠረም። አብረን እንመዝገብ ስትለኝ ለጨዋታ ብላ ነው። እኔ ግን ወዲያው ፈረምኩ። ስፖርቱ አምሮኝ እንዳይመስልሽ። ምርጫው ቀን ወላጆች መጥተው ያያሉ ተባለ፤ አባዬ መጥቶ እኔንም ቢያየኝ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ቀን ጂም ስገባ የሆንኩትን ልንገርሽ። አባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲደውልልን ከኋላው ሙዚቃና ፊሽካ፣ የልጆች ጫጫታ ይሰማ አልነበር? “ሥራ ላይ ነኝ፣ ብዙ ማውራት አልችልም” ይለን ነበር። አንቺም ሥራ አታስፈቺው ብለሽ ስልኩን ከእጄ ትወስጂ ነበር። እዚያ ጂም ሙዚቃው ተከፈተ፣ አሰልጣኟ ፊሽካዋን ነፋች፣ ልጆቹ መሮጥ ጀመሩ። እኔ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ድምፁን አውቀዋለሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ሰልዋን ትንሽ እያለሽ ጂምናስቲክ የሚወስድሽ ማን ነበር አልኳት። “ዳድ ነዋ” አለችኝ። “ኤቭሪ ሳተርደይ።” በየቅዳሜው ማለቷ ነው።

ይህን ልጽፍልሽ አልፈለግሁም ነበር። ግን ጻፍኩት።

ልምምዱ አዋረደኝ። እግሬን ልዘረጋ ስል ጉልበቴ ይታጠፋል። በእጄ ልገለበጥ ስል እንደ ጆንያ እወድቃለሁ። መፈክሩን በቃሌ ብይዘውም ሁልጊዜ ሌሎቹ ዝም ካሉ በኋላ የእኔ ድምፅ ብቻውን ይቀራል፤ ልጆቹ ይስቃሉ። ፈገግታ ራሱ ይፈተናል፤ ሰው ተሸክመሽ ጥርስሽ መታየት አለበት። ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ፈገግ ማለት እለማመድ ነበር። ሰልዋ ደግሞ አየር ላይ ተገልብጣ ስታርፍ ኮቴዋ እንኳ አይሰማም።

አሰልጣኟ ልታስወጣኝ ነው ስል አንድ ቀን ክንዴን ያዝ አደረገችና ይህን ጉልበት ከየት አመጣሽው አለችኝ። ከጀሪካን ብላት አይገባትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከታች የምሸከም ሆንኩ። ከላይ የምትቆመውን ፍላየር፣ የሚሸከሙትን ቤዝ ይሏቸዋል። ቤዞቹ እኔና ኤልያና የምትባል የክፍሌ ልጅ ነን፤ ከኋላ ሌላ ልጅ ትደግፋለች። ከላይ የምትቆመው ማን እንደሆነች ገምቺ። ግራ እግሯ በእኔ መዳፍ ላይ ነው። ከመላው ቶሮንቶ የእሷ እግር!

ከትምህርት በኋላና እሑድ እሑድ አራታችን ሪጀንት ፓርክ ያለው ሣር ላይ እንለማመድ ነበር፤ ቤታችን እዚያው ፊት ለፊት ነው። ሰልዋ ሰልችቷት አያውቅም። ትከሻሽን ዝቅ፣ ጉልበትሽን ለቀቅ፣ በእግርሽ ግፊ እያለች መቶ ጊዜ ታሳየኛለች። አባዬ አውቶብሱን አስረክቦ ሲመጣ ጭማቂ ይዞልን ይመጣና በስልኩ ይቀርጻል። አንድ ቀን እራት ላይ ቪዲዮውን ከፍቶ አሳየን። ሰልዋ ከነፈገግታዋ መሐል ላይ ቆማለች። ከእኔ የገባው ሁለት እጄ ብቻ ነው። አንገቴም ፊቴም የለም። “ጎበዞች!” እያለ ሁለት ጊዜ መልሶ አየው፤ ምንም አልታየውም።

ለምርጫው አምስት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ከሰዓት፣ እንደ ልማዳችን ወጣን፤ አባዬም አብሮን ነበር። ሰልዋን አነሣናት። አንድ የአባዬ የሥራ ባልደረባ ከልጆቹ ጋር ሲያልፍ ቆመ። አባዬ ወደ ላይ እያመለከተ “ልጄ ናት” አለው። ሰውዬው ሌሎቹስ አለው። አባዬ “ጓደኞቿ ናቸው” አለ።

ልቡ አላሰበውም ይሆናል። እንግሊዝኛውን ለማሳጠር ይሆናል። እኔ ግን ከእግሯ ሥር ሆኜ ሰማሁት።

እማዬ፣ ላብ አላዳለጠኝም። አልደከመኝም። እጄን ከፈትኩት። መልሼ ልይዛት ብዬ ነበር፣ ወላሂ፤ ግን እግሯ አልነበረም። በግራ እጇ ላይ ወደቀች፤ ድምፁን ሰማሁት።

ሆስፒታል ስንደርስ የሰልዋ እናት፣ እትዬ ፈትሂያ፣ ከሥራቸው በሩጫ መጡ። አባዬ ገና ምን ሆነ ብሎ ወደ እኔ ሲዞር ሰልዋ ቀደመችኝ። ቁርጭምጭሚቴ ታጠፈ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት አለች። እኔ አለቀስኩ። እትዬ ፈትሂያ ደንግጬ መስሏቸው እቅፍ አድርገው በሻሻቸው ጫፍ እንባዬን ጠረጉልኝ፤ “አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ” አሉኝ። እማዬ፣ በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ልጃቸው የእጇ አንጓ ተሰብሮ እዚያ ተኝታ እኔን ያባብላሉ።

ጄሶ አሠሩላት። ስድስት ሳምንት ተባለ፤ ምርጫው አለፋት ማለት ነው። እኔም አልሄድም አልኩ። ሰልዋ ምክንያቴን አልጠየቀችኝም። ሐሙስ ጠዋት ዳንዳስ ጎዳና ላይ ስትሪትካር የሚሉትን የከተማ ባቡር ስንጠብቅ፣ መኪና መኪናውን እያየች፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ “ነገ ትሄጃለሽ” አለችኝ። ቀጥላ “ግን ነገ እጅሽ ዝግ ይሁን፣ ኦኬ?” አለችኝ። ስትሪትካሩ መጣ፤ ቀድማኝ ገባች፣ አጠገቧ ቦታ ያዘችልኝ።

ሄድኩ። በሰልዋ ፋንታ አንዲት ትንሽ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሰጡን፤ እግሯ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንዲያ አጥብቄ የያዝኩት ነገር በሕይወቴ የለም፤ በማግሥቱ እግሯ ላይ የጣቶቼ ምልክት ነበር አሉ። መፈክሩ ላይ እንደ ፈረደብኝ ኋላ ቀረሁ። ፈገግታውንም ረሳሁት። አባዬ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጥቶ ሰልዋ አጠገብ ተቀምጧል። ወደ ማን ሲያይ እንደነበር አላውቅም፤ ዓይኔን ከልጅቷ እግር አላነሣሁም።

ሰኞ ዝርዝሩ ተለጠፈ፤ ስሜ አለበት። አባዬ ሥራ ቦታው ለሁሉም ተናግሮ መጣ፤ ልጄ፣ ልጄ እያለ። ይህን ቃል ስንት ዓመት ጠብቄው ነበር? ሰማሁት፤ አንገቴን ደፋሁ። ሰልዋ ደግሞ በአንድ እጇ ታጨበጭብ ይመስል ጭኗን በመዳፏ እየመታች ትስቃለች። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ጊዜም ቀናሁባት። አሁን የቀናሁት ግን በአባዬ ምክንያት አይደለም፤ በልቧ ነው። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ኖሮ ለመላው ሰፈር እናገር ነበር።

ለአባዬ አልነገርኩትም። እንድነግረው ካዘዝሽኝ እነግረዋለሁ። ሰልዋ ግን ከዚያ ሐሙስ ወዲህ አንድም ቀን አላነሣችብኝም። ጠዋት ጠዋት ጸጉሯን የማስርላት እኔ ነኝ፤ በአንድ እጇ አልሆን ብሏት ነው። ትናንት ስጎነጉንላት ፎቶሽን ከግድግዳዬ ላይ እያየች፣ እናትሽ ለምን ስለ እኔ አትጠይቅም አለችኝ። እኔም እንደ አንቺ ነበርኩ እኮ፤ ከመምጣቴ በፊት ስሟን ቤታችን ውስጥ ሁለታችንም ጠርተን አናውቅም።

እማዬ፣ አንድ ነገር ለምኜሻለሁ። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከእኔ ይልቅ ለአንቺ እንደሚከብድ አውቃለሁ። እሑድ ስንደውል፣ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ እጇ እንዴት እንደሆነ ጠይቂያት። ስሟን ጠርተሽ።

አላህ ወገብሽን ያጽናልሽ፤ ዕድሜሽን አርዝሞ፣ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን። ዱዓሽ አይለየኝ። ለእሷም አድርጊላት።

ልጅሽ