የውስጥ ግድግዳ ፈቃድ አያስፈልገውም

ለክቡር የቤቶች ልማትና የሕንፃ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብታችኋል እያልኩ፣ የሚሠሩበት ቢሮ ጣሪያ ዘወትር ከራስዎ በላይ እንዲውል ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ግንበኛ ነኝ። አርባ ዓመት ግድግዳ ሳቆም ኖሬ ዛሬ ከባለቤቴ ጋር በሰው ግድግዳ ውስጥ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ እኖራለሁ። ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁት አሽጌ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች መዝገብ ቤትዎ ውስጥ የያዛቸውን እንቅልፍ እንዳልረብሽ ብዬ ነው።

ጽሕፈት ቤትዎ «ቤት ገዝተው ለማከራየት ለሚያስቡ ጀማሪዎች፦ ተደጋጋሚ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው» ብሎ ስላሳተማት አረንጓዴ መጽሐፍ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሕንፃችንን አምና የገዛው መነጽር ሻጭ ከእጁ ለይቷት አያውቅም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጠይቆ የሄደ አይሳሳትም ሲባል ሰምቶ የጠየቀ ጀማሪ ነው። ጥፋቱ የጠየቀው እናንተን መሆኑ ብቻ ነው። እንግዲህ ቅሬታዬን በእናንተው አሠራር በቁጥር ላቅርብ።

፩. ጥያቄ ሦስት «ተከራይ እንዴት ይመረጣል?» ይላል። ስለ ተከራዩ ሥራ፣ ስለ ልጆቹ ብዛት፣ አልጋ የያዘ ሰው ያለበትን ቤተሰብ ስለመጠንቀቅ አንድ ገጽ ተኩል ተጽፏል። ስለ ተከራዩ ጠባይ ይህን ያህል የተጨነቀች መጽሐፍ ስለ ምሰሶው ጠባይ አንዲት መስመር የላትም።

፪. ጥያቄ ዘጠኝ «ገቢዬን ለማሳደግ ክፍሎቹን ባሰፋ ፈቃድ ያስፈልገኛል?» የሚል ሲሆን፣ መልሱ «የውስጥ ግድግዳ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም» ነው። መነጽር ሻጩ ይህችን መልስ በእርሳስ አስምሮባት፣ ከእኛ በታች ያሉትን ሁለት ሱቆች አንድ ሊያደርግ አፍራሾች ይዞ ሲመጣ በር ላይ ቆሜ ለመንኩት። ውስጥ ያለ ግድግዳ ሁሉ ሥራ ፈት እንዳልሆነ፣ ይኸኛው የእኛን ወለልና ከእኛ በላይ ያሉትን ሁለት ፎቆች አዝሎ የቆመ መሆኑን ነገርኩት። እሱም ገጹን ገልጦ፣ «ጋሼ፣ የእርስዎ የድሮ አሠራር ነው፤ ይኸው ራሳቸው ጽፈውታል እኮ» አለኝ። ከታተመ ጽሑፍ ጋር ማን ይከራከራል? ግድግዳው በሁለት ቀን ፈርሶ አለቀ።

፫. ሳምንት ሳይሞላ ከመኝታ ቤታችን በር ጥግ ተነስቶ ወደ ጣሪያው የሚሄድ ስንጥቅ ወጣ። እኛ ግንበኞች ስንጥቅ ሲያጠራጥረን ጀሶ ለጥፈንበት ቀን እንጽፍበታለን፤ ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየሄደ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው ጀሶ ዘጠኝ ቀን ቆየ፣ ሁለተኛው አራት፣ ሦስተኛው አንድ ቀን ተኩል። ተቆጣጣሪዎ የመጡት ከዚያ በኋላ ነበር። ነገር ግን በዋዜማው መነጽር ሻጩ፣ በጥያቄ አሥራ አራት ምክር መሠረት ቤቱን ለዓይን ማራኪ ሊያደርግ፣ ግድግዳውን ከነጀሶዎቼ ነጭ ቀለም አስቀብቶት ነበር። ተቆጣጣሪው ዳበስ አድርገው፣ ቀለሙ ስላልደረቀ ከባለቤቴ ሶፍት ተቀብለው ጣታቸውን ጠረጉና «ለኑሮ ምቹ» ብለው ፈረሙ።

፬. ባለቤቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አትነሳም። ሌላ ቤት ፈልጌ ነበር፤ አከራዮቹ ግን ሁሉም ጥያቄ ሦስትን አንብበዋል። የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋ እያለ ሦስት ጊዜ በመላጊያ አሳንሼዋለሁ። ግድግዳው ውስጥ አሸዋ ሲወርድ ይሰማል። እሷ አይጥ ነው ትላለች፤ እኔም አዎ፣ አይጥ ነው እላታለሁ። በሙያዬ ሰው ዋሽቼ አላውቅም ነበር። እፈራለሁ፣ ክቡር ኃላፊ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ግን ጠርጥሬም አልዳንኩም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ከእኛ ሥር ድጋፍ የሚያቆሙ ሰዎችና ባለቤቴን በቃሬዛ የሚያወርዱ አራት ብርቱ ሰዎች ዛሬውኑ እንዲላኩልን በትሕትና እለምናለሁ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ መጽሐፏና ስለ ነጩ ቀለም ደግሜ እያመሰገንኩ፣ ወለሉ እስከቻለ ድረስ በላዩ ቆሜ እጅ የምነሳ፣

ታዛዥዎ፣
የአንደኛ ፎቁ ግንበኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ፈርሜ ከባለቤቴ አጠገብ ተነስቼ ልወጣ ስል የመኝታ ቤቱ በር አልከፈት አለኝ። ልትጠይቀን የመጣችው ልጃችን ከታች መንገዱ ላይ ቆማለች፤ ለእርስዎ እንድታደርስ ይህን ወረቀት በመስኮቱ በገመድ አወርድላታለሁ። ወደ ላይ ወጥታ በሩን ልታስሰብር ነበር፤ ከለከልኳት፤ ከላይ ያለውን ግድግዳ አሁን የያዘው የበሩ መቃን ብቻ ነው። ባለቤቴ አንተ በመስኮቱ ውረድ ትለኛለች፤ አልሰማኋትም። ሰው ለመላክ ከፈቀዱ መጀመሪያ ከሥር ይደግፉ። መቃኑን ግን፣ የውስጥ ነው፣ ፈቃድ አያስፈልገውም ብለው እንዳይነቅሉት አደራዎን።