ስለ ሞተሬ መታጠብና በቢሮዎ ስለጠፋው ጠርሙስ

ለክቡር ሐጅ ሙንሲፍ አል-ጋራቢ
የመርሳ ሐልፋ ወደብ ኃላፊ
በቢሮዎ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። የእርስዎን ጤና፣ የወንበርዎን ጤና፣ ከወንበርዎ ሳይነሱ ወደቡን ሁሉ የሚያስተዳድሩበትን የመስኮትዎን ጤና ፈጣሪ ይጠብቅልን። እኔ በአሥራ አራተኛው ማሰሪያ ላይ የምትቆመው የ«መብሩካ» ጀልባ ባለቤት ላምጀድ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሞተሬ ግን ታሞ ሰንብቷል። ይህን ደብዳቤ በዓሣ መሸጫው አዳራሽ በር ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎት። ወደ ቢሮዎ የማስገባቸው ወረቀቶች ደረጃው ላይ እየጠፉ ስላስቸገሩኝ፣ ይሄኛው እንኳ ብዙ ሰው እየጠበቀው ይደር ብዬ ነው።

እንደሚያውቁት የኦክቶፐስ ወቅት የፊታችን ቅዳሜ ይከፈታል። በዚያ ቀን እስከ ቀትር ሶላት ኦክቶፐሱ ገብቶ የሚያዝባቸውን የሸክላ ማሰሮዎቹን በአባቱ ቦታ ላይ ያልጣለ ሰው፣ ቦታውን ለዓመት ለቀደመው እንደሚለቅ ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። በተለይ የእህትዎ ባል ዘንድሮ ማሰሮዎቻቸውን በእጥፍ አብዝተው ልክ ከጀልባዬ ፊት ለፊት ስለደረደሩ፣ ጉዳዩ በቤተሰብዎ ውስጥም በሚገባ እንደሚታወቅ ተረድቻለሁ። አባቴ አርባ ዓመት ያጠመደበትን ቦታ እኔ በአንድ ቧንቧ ምክንያት እንዳላጣው ስለምፈራ፣ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እየቀላቀልኩ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ቧንቧው አመሰግናለሁ። ከማሰሪያዬ በላይ ያለው የወደቡ ቧንቧ ከረመዳን ጀምሮ እንደሚያፈስ ሦስት ጊዜ ባመለክት፣ «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» የሚል ባለማኅተም መልስ በክብር ሰጥተውኛል። ጥናቱም ተጠናቆ፣ አላፊ አግዳሚው እንዳያዳልጠው ከፍሳሹ ሥር አንድ ጣውላ በሰያፍ እንዲታሰር አዘዙ። የሰዉ ጫማ በእርግጥ ደረቀ። ውሃው ግን መሄጃ ማግኘት ነበረበትና በጣውላዎ ላይ እየተንሸራተተ ቀጥ ብሎ ጀልባዬ ውስጥ ገባ። እኔ በዚያ ሰሞን የእህቴን ልጅ ልድር ሄጄ ነበር። የእኛ ሰርግ ሰባት ቀን ነውና ውሃውም ሰባት ቀን ሙሉ ከልካይ ሳይኖረው ሲገባ ሰነበተ። ፍሳሹ እየሰፋ ሄዶ ካለፈው እሑድ ጀምሮ የቢሮዎ ቧንቧ ጠብ እንደማይል ስሰማ ከልቤ አዝኛለሁ፤ የእርስዎም ድርሻ እኔ ዘንድ እየመጣ መሆኑን ግን ላሳውቅዎ እወዳለሁ።

ሁለተኛ፦ ሞተሬን ስላጠቡልኝ አመሰግናለሁ፤ ከተገዛ ጀምሮ እንዲህ ታጥቦ አያውቅም። ዓርብ ከሰርጉ ስመለስ ውሃው ግማሽ ሞተሩን ውጦት ነበር። በደሴታችን ልማድ ጀልባው ውስጥ ውሃ ያገኘ ሰው ባልዲ ከማንሳቱ በፊት ጣቱን ነክሮ ይቀምሳል። ጨው ካለው የጀልባው ሆድ ተቀዷል፣ ጨው ከሌለው ጥፋቱ የመጣው ከላይ ነው። ቀመስኩት። ከላይ ነው።

ቅዳሜ ውሃውን ከሞተሩ ክፍል ቀድተን ከጨረስን በኋላ ቁልፉን ባዞረው፣ ከአንዲት «ጠቅ» በቀር ምንም አላለም። ባትሪው ደክሞ ይሆናል ብዬ ሌላ ስቀይር፣ የሁላችንን ሞተር እንደ ልጁ የሚያውቀው አዛውንቱ መካኒክ አጎት ኑሪ ከወደቡ ጫፍ እየጮኸ መጣ። «አንተ ሰው፣ እጅህን ከቁልፉ ላይ አንሳ! ፒስተኑ ላይ ውሃ ቆሞ እያለ ብታስገድደው ዘንጉን አጣመህ አርፈህ ትቀመጣለህ!» አለኝ። ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች ፈትቶ ሞተሩን በእጁ ሲያዞረው፣ ውስጡ የተኛው ውሃ ተስፈንጥሮ መነጽሩ ላይ አረፈ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ብንመዘው ዘይቱ ከውሃ ተደባልቆ ወተት መስሏል። ሦስት ጊዜ ቀየርነው። የናፍጣ ማጣሪያው ብርጭቆም ከላይ ናፍጣ ከታች ውሃ ይዞ ተገኘ። ኑሪ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየውና፣ «ወይ ሐጅ ሙንሲፍ! ሰው ቤቱ ውሃ አጥቶ፣ እዚህ ለናፍጣ ያጠጣል» አለ። ይህን የጻፍኩት ስምዎ በሥራ ሰዓት ሁሉ እንደሚነሣ እንዲያውቁት ብቻ ነው።

የቀረው ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ነበር። ውስጡ ርሶ ስለነበር ባለቤቴ ሳልሐ ዳቦዋን ካወጣች በኋላ፣ ለብ ባለው የሸክላ ምድጃዋ ውስጥ ሁለት ቀን አደረቀችልን። ሁለቱንም ቀን የናፍጣ ሽታ ያለው ዳቦ በላን። «ይሄ ብረት እስከ ማክሰኞ ካልወጣልኝ፣ ሞተርህን አንተ ታስነሣለህ፣ እኔ ደግሞ አንተን አስነሥቼ እናትህ ቤት እሰድሃለሁ» ብላ ስላስጠነቀቀችኝ፣ ትናንት ማክሰኞ ሞተሪኖውን መልሰን ገጠምነው፤ ከናፍጣው መስመርም አየሩን አስወጣን። በአራተኛው ሙከራ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ተነሣ። ሳልሐ እልል አለች። እኔም አለቀስኩ፤ አልደብቅዎትም።

ሦስተኛ፦ ስለ ቅልጥፍናዎ ሳላመሰግን አላልፍም። ቧንቧውን ለማጥናት አምስት ወር የፈጀው ቢሮዎ፣ ውሃ ስንቀዳ በመስኮት አይቶ በማግስቱ፣ ማለትም እሑድ፣ «የጀልባዋ ሆድ የባሕር ውሃ ስለሚያስገባ ከወደብ እንዳትወጣ» የሚል ወረቀት ለጥፎብኛል። አንድም የቢሮዎ እግር ጀልባዬን ሳይረግጥ ሆዷን ማወቅዎ ያስደንቃል። ስለዚህ ሞተሬ ዛሬ እንደ በሬ እያገሳ፣ እኔ ግን በእርስዎ ወረቀት ታስሬ የእህትዎን ባል ማሰሮዎች እቆጥራለሁ።

አራተኛ፦ ወረቀትዎ «ውሃው የባሕር አለመሆኑን ባለቤቱ ናሙና አምጥቶ ያስረዳ» ስለሚል ታዝዣለሁ። ከፊተኛው ክፍል፣ ናፍጣና ዘይት ካልደረሰበት፣ ገና ካልተቀዳው ውሃ አንድ ጠርሙስ ሞላሁ። ንጹሕ ጠርሙስ ስላጣሁ ሳልሐ ለሻይ መዓዛ የምትጨምረውን የብርቱካን አበባ ውሃ የምታስቀምጥበትን ሰጠችኝ። ሽታው አልለቀቀውም ነበር፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሰኞ ጠዋት በጸሐፊዎ በፈትሒ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ዛሬ ረቡዕ ውጤቱን ስጠይቅ፣ «ናሙናው ሊገኝ ስላልቻለ እግዱ ይጸናል» ተባልኩ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምጠይቀው ትንሽ ነው። እስከ ዓርብ ድረስ ወረቀትዎን ከጀልባዬ ላይ፣ ጣውላዎንም ከቧንቧዎ ሥር ያንሡልኝ። አባቴ ያወረሰኝ ያንን የባሕር ቦታ ብቻ ነው። እኔም ለልጆቼ ሌላ የምሰጣቸው የለኝም።

ለሰጡኝ ትዕግሥት፣ ለተማርኩት የሞተር ሙያ፣ ለበላሁትም የናፍጣ ዳቦ ዘወትር ባለውለታዎ የሆንኩ፣ ጫማው በእርስዎ ጥበብ የደረቀ፣ ጀልባው በእርስዎ ጥበብ የራሰ፣

ላምጀድ፣ የመብሩካ ባለቤት
ረቡዕ፣ መርሳ ሐልፋ

በኅዳግ፦ ጠርሙሱ ተገኝቷል፤ ቢሮዎ በመፈለግ እንዳይደክም። ሰኞ ከቀትር በፊት አጎት ኑሪ ለፈቃዱ እድሳት እርስዎ ዘንድ ተቀምጦ ነበር። ፈትሒ ሻይ ሊያፈላ ቢነሣ ቧንቧው ደርቋል። ጠረጴዛው ላይ የብርቱካን አበባ የሚሸት ጠርሙስ ሲያይ እጅ መንሻ መስሎት የሻይ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ገለበጠው። ኑሪ ጠርሙሱን ያወቀው ዘግይቶ ነው። «ልናገር አፌን ስከፍት ሐጅ ፉት ብለውት ነበር፣ ከዚያ ወዲያ መናገሩ ነውር መሰለኝ» ብሎኛል፤ የራሱን ብርጭቆ ግን አልነካም። ፈትሒን አይቆጡት፤ በልማዳችን መሠረት ናሙናውን ለቀማሽ ያቀረበ የመጀመሪያው የመንግሥት ሠራተኛ እሱ ነው። የባሕር ውሃ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ጉንጭ ይተፉት ነበር። እርስዎ ግን ኑሪና ፈትሒ እየሰሙ፣ «ተባረክ፣ እንዲህ ያለ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም» ብለው ሁለተኛ ብርጭቆ አስቀድተዋል። ስለዚህ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ገመዴን እፈታለሁ፤ ማን ፈቀደልህ የሚለኝ ቢኖር፣ ሐጅ ሙንሲፍ ቀምሰው መስክረውልኛል እላለሁ።