በአንድ ጠርሙስ ውሃ የፈረምኩበት የእህቴ በር

ይድረስ ለክቡር የምክር ቤት አባላችን፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም ባለፈው እሑድ ያለ ዕረፍት ላገለገለን ጉሮሮዎ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እኔ ከገበያው በላይ ባለው መታጠፊያ ላይ የእንጨት ሥራ ቤት ያለኝ፣ በሰፈሩ ሰው ዘንድ «በር ሠሪው» እየተባልኩ የምጠራ፣ በዚህ ጎዳና ላይ ከቆሙት በሮች ግማሹን በገዛ እጄ ያቆምኩ ነዋሪ ነኝ። እርስዎም በሚገባ ያውቁኛል። ደብዳቤዬን አደባባይ ያወጣሁት ልዳፈርዎ ብዬ ሳይሆን፣ በእጅዎ ልሰጥዎ ሦስት ቀን ቢሮዎ ብመላለስ ሦስቱንም ቀን ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ምክር ቤቱ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ድምፅ የሚሰጥበት አዲሱ የበር ግብር፣ ወደ ዋናው መንገድ የሚከፈተውን እያንዳንዱን በር ከበስተጀርባው ማንም ይኑር ማን እንደ ንግድ ቤት የሚቆጥር ሲሆን፣ ወደ ቅያስ የሚከፈተውን በር ግን ዝንቡን እሽ አይለውም። ክቡርነትዎም ከድምፁ በፊት ነዋሪው ሁሉን ነገር አውቆ እንዲያድር በማሰብ እሑድ ዕለት በአዳራሹ ማብራሪያ ሰጥተውናል። ስለዚሁ ማብራሪያ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ለሦስት ሰዓት ጠርተውን አራት ሰዓት ተኩል ላይ በመድረስዎ እናመሰግናለን። በዚያ መሐል ከጎረቤቶቻችን ጋር በሰላም ተጨዋውተናል፤ የተጣሉ ሁለት ሰዎችም ታርቀዋል። በተለይ የማልረሳው ግን ጥያቄያችንን የተቀበሉበትን መንገድ ነው። ጥያቄ ያለን ሁሉ በአንድ ዙር እንድንጠይቅና እርስዎም በጥቅሉ እንዲመልሱልን ባዘዙት መሠረት አሥራ አንድ ሰው ተነስቶ አሥራ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። አንገትዎን ደፍተው በማስታወሻ ደብተርዎ ላይ ያለማቋረጥ ሲጽፉ ስናይ፣ እውነትም ሰሚ አገኘን ብለን ነበር። ከዚያ ሁሉንም እንደ ግብዓት መውሰድዎን ገልጸው፣ ሌላ ስብሰባ ስለሚጠብቅዎ ተሰናበቱን። ከኋላዎ ተቀምጣ የነበረችው የሰፈራችን ፀጉር ሠሪ፣ ደብተሩ ላይ ያየችው የአበባ ሥዕል ብቻ መሆኑን ብትነግረኝም እኔ አላመንኳትም። አበባው ቆንጆ ነው ማለቷን ግን አልደብቅዎትም።

፪. ስለ ውሃው ደግሞ አመሰግናለሁ። መቼም የዚያን ቀን ሙቀት አንጎል የሚያዞር ነበር። ጸሐፊዎ በአዳራሹ በር ላይ ተቀምጠው፣ ስም፣ የቤት ቁጥርና ፊርማ የሚሞላበት፣ ከላይ አንዲት ቃል ርዕስ የሌለው ወረቀት ዘርግተው፣ ለፈረመ ሁሉ አንድ ጠርሙስ ቀዝቃዛ ውሃ ያድሉ ነበር። እኔም እንደ ሰው ፈርሜ ውሃዬን ተቀበልኩ። እህቴ እግሯን ስለሚያማት መምጣት አልቻለችም ነበርና፣ ለእሷም አንድ እንዲሰጡኝ ብለምናቸው፣ ጸሐፊዎ በፍጹም ደግነት ስሟን ጽፌ ልፈርምላት እንደምችል ነገሩኝ። ጻፍኩ፤ ፈረምኩ፤ ሁለተኛውን ውሃ በብብቴ ይዤ እየፈጠንኩ ሄድኩላት።

ማክሰኞ ያው ወረቀት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ሳየው ግን በሁለት ቀን ውስጥ ርዕስ አብቅሎ አገኘሁት። «የበር ግብሩን በሙሉ ልብ የደገፉ ነዋሪዎች» ይላል። ዓይኔን ማመን አቅቶኝ ተጠግቼ ባነብ፣ እሑድ ዕለት ተነስተው ግብሩን ሲቃወሙ የዋሉት ሁሉ አንድም ሳይቀር ደጋፊ ሆነዋል። ተራ ቁጥር አርባ ሦስት እኔ ነኝ። ተራ ቁጥር አርባ አራት እህቴ ነች።

፫. እዚህ ላይ ሳቄን ልተውና ስለ ተራ ቁጥር አርባ አራት ልንገርዎ። እትዬ እያልኩ የምጠራት ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ነች። እናታችን ስትሞት እኔን ያሳደገችኝ እሷ ነች፤ የመጀመሪያ መጋዜንም የገዛችልኝ እሷ ነች። ባሏ ያረፈ ጊዜ የክፍሏን ግድግዳ ወደ መንገዱ ቀድጄ በር አወጣሁላት። መቃኑን ከአሮጌ የጭነት መኪና ጣውላ ሠራሁት፤ እግሯ ከመሬት ብዙ አይነሳምና ደፉን ሆን ብዬ እስከ መሬት ዝቅ አደረግሁት። የስፌት መኪናዋን ከበሩ አጠገብ አድርጋ ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ላለፈው ላገደመው ሰላምታ ትሰጣለች። ክፍሉ መስኮት የለውም። ግብሩ ከጸደቀ እንደ ትልልቆቹ ሱቆች መክፈል ስለማትችል ያንን በር መዝጋት ሊኖርባት ነው፤ በሩ ሲዘጋም ሥራዋ፣ ብርሃኗና ከሰው ጋር ያላት ጨዋታ አንድ ላይ ይዘጋሉ።

ስሟ ሰሌዳው ላይ መውጣቱን የሰማችው ከጎረቤት ነው። እትዬ አልጮኸችብኝም። ውሃው እንዳልጣማት ነገረችኝና፣ በሩን የምደፍንላት እኔው እሆን ወይስ ሌላ ሠራተኛ ትፈልግ እንደሆነ ረጋ ብላ ጠየቀችኝ። ክቡር ሆይ፣ በዕድሜዬ ብዙ ሰው ሰድቦኛል፤ እንደዚያ አንጀቴን የቆረጠኝ ግን የለም። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

፬. እርስዎንም እኔንም ፊደል ያስቆጠሩን ጡረተኛው መምህር፣ በአዳራሹ ያላገኙትን መልስ ፍለጋ ሰኞ ዕለት ቤትዎ ድረስ መጥተው ነበር። ለዓመታት ሲያንኳኩት በኖሩት በር ቦታ ላይ ግን ልስን ግድግዳ አገኙ። መንገድ የሳቱ መስሏቸው ጎዳናውን ሦስት ጊዜ ላይ ታች ብለው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ አእምሮዬ ከዳኝ እያሉ ይተክዛሉ፤ ባለቤታቸውም ብቻቸውን ከቤት እንዳይወጡ ከልክለዋቸዋል። እኔ ይህን የሰማሁት ትናንት ነው። ለጊዜው በዚህ ልለፈው።

ክቡር ሆይ፣ ግብር አይከፈል የሚል ሰው ከመካከላችን አልተነሳም፤ እስከ ዛሬም ስንከፍል ኖረናል። የምንለው፣ ሌላው ቢቀር ስንቃወም ተቃወሙ ይባልልን ነው። ስለዚህ ተራ ቁጥር አርባ ሦስትና አርባ አራት ከዝርዝርዎ እንዲሰረዙ በማክበር አስታውቃለሁ። እያመለከትኩ አይደለም፣ እያስታወቅሁ ነው። የማስታወቂያ ሰሌዳውን የሠራሁት እኔ እንደ መሆኔ ስንት ምስማር እንደያዘውና በየት በኩል እንደሚነቀል አውቃለሁ፤ ሆኖም አልነካውም፤ ወረቀቱ እዚያው ይቆይና ሰው ሁሉ ስሙን ይፈልግበት። ትናንት ማታ ብቻ ሃያ ስድስት ሰዎች ሥራ ቤቴ መጥተው፣ ርዕሱ አስቀድሞ በደማቁ በተጻፈበት ሌላ ወረቀት ላይ ፈርመዋል። ውሃ አላደልኩም። ከሁሉም ቀድማ የፈረመችው እትዬ ነች፤ ወረቀቱን ቤቷ ወስጄላት፣ በራሷ እጅ፣ ከራሷ በር ላይ ተቀምጣ። ሐሙስ ጠዋትም እኔን ተደግፋ አዳራሹ ትመጣለች። ወረቀቱን ተቀብለው ካነበቡት እሰየው፤ እንደ ግብዓት ከወሰዱት ግን እኛም በሚቀጥለው ምርጫ እርስዎን እንደ ግብዓት እንወስድዎታለን።

የሰፈሩን በሮች በሙሉ አንድ በአንድ ስለቆጠሩልን እያመሰገንኩ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና አጭር ስብሰባ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ነገር ግን አንገቴን ሳልደፋ እሰናበታለሁ።

የማያቋርጥ አክባሪዎ፣
በር ሠሪው
(በእርስዎ ዝርዝር ተራ ቁጥር አርባ ሦስት)

ማስታወሻ፦ የደንበኛዬን ገመና ከሥራ ቤቴ አውጥቼ አላውቅም፤ እርስዎ የእህቴን ስም ሰሌዳ ላይ ባያወጡና መምህራችንን በቁማቸው ባያስጨንቋቸው ኖሮ ዛሬም አላወጣም ነበር። ስለ በር ግብሩ ማንም ሰው አንዲት ቃል ከመስማቱ ከሁለት ወር በፊት፣ የመኪና ጫጫታ እንቅልፍ እንደነሳዎት ነግረውኝ፣ ወደ መንገድ የሚከፈቱትን ሁለት በሮችዎን ነቅዬ፣ ቦታቸውን ደፍኜ፣ በቅያሱ በኩል አዲስ በር እንድሠራልዎ አዘውኝ ነበር። እኔም ሞኙ አዝኜልዎ፣ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ በዕረፍት ቀኔ ጭምር ሠራሁ። አሮጌዎቹን በሮች ፈልጬ ለማገዶ እንዳደርጋቸው ነግረውኝ ሄዱ። እንጨታቸው ግን እንዲህ በዋዛ የሚገኝ ስላልሆነ እጄ እምቢ አለኝ። አንደኛው የቤት ቁጥርዎን እንደለጠፈ ነው። በመላጊያ ልጌው፣ ማጠፊያውን ዘይት አጠጥቼው፣ ከነመቃኑ አዘጋጅቼዋለሁ። ሐሙስ ጠዋት ከአዳራሹ መግቢያ ፊት ለፊት አቆመዋለሁ፤ ወደ ዋናው መንገድ ስለሚከፈት አቆጣጠሩን ለእርስዎ እተዋለሁ። እርስዎን ሲፈልግ ግድግዳ የገጠመው ነዋሪ ሁሉ እየተሰለፈ ያንኳኳል። የመጀመሪያው ተራ የመምህራችን ነው፤ አእምሯቸው እንዳልከዳቸው በሩን አሳይቼ ነግሬያቸዋለሁ።