የሰንሰለቱ ፈተና

ውድ ወንድሜ ማናሴ፣

ከሞትክ ሰባት ሳምንት ሆነ። ለእማ መንገር ያቃተኝን ለአንተ ልጻፈው።

የታሪክ መምህራችን እዚህ በተሰደድንበት አገር በቅኝ ግዛት ዘመን ስለነበሩ የእጅ ሙያዎች ሽማግሌ ጠይቀን እንድንጽፍ አዘዘችን። አንተ ትሸጥበት የነበረው ሱቅ ወዳለበት ወደ ካትሌሆንግ ሰፈር ሄጄ የሱቁን የብረት ፍርግርግ የበየዱትን ሽማግሌ፣ ሲቢያን ጠየቅኋቸው። ወደ ሱቁ ግን ዞር ብዬ ማየት አልቻልኩም። አንተን የመታህ ጥይት ያለፈው በእነዚያ ብረቶች መካከል ነው።

አያታቸው የወርቅ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ሰንሰለቱን ቀጥቅጠው የሚሠሩት እሳቸው ሆነው፣ የሙያ ወረቀት ለጥቁር ስለማይሰጥ "እኔ ሠራሁት" ብሎ የሚፈርመው አጠገባቸው ቆሞ ሲጋራ የሚያጨሰው ነጭ ነበር። አዲስ ሰንሰለት የሚፈተነው ሠራተኞችን ወደ ጉድጓዱ የሚያወርደው የብረት ሣጥን ሰው ጭኖ ሲንጠለጠልበት ነው።

"መጀመሪያ ማን የወረደ ይመስልሃል?" አሉኝ እየሳቁ። "የፈረመው እንዳይመስልህ።"

አያታቸው በወረዱ ቁጥር የራሳቸውን ስም እየጠሩ ይጮኹ ነበር አሉ፤ ቢበጠስ እንኳ የሞተው ማን እንደሆነ እንዲታወቅ።

እኔ አልሳቅኩም። የሱቁ ፈቃድ በባለቤቱ በጋሼ ታምሩ ስም ነው፤ እሱ የሚውለው ሌላ ከተማ፣ ጀርሚስተን፣ ከብረቱ ጀርባ የቆምከው አንተ። ከመሞትህ በፊት በነበረው እሑድ ከቸርች ስንመለስ፣ "እዮ፣ እዚያ መቆም ፈርቻለሁ። ለጋሼ ንገርልኝ፤ እኔ አፍራለሁ" አልከኝ። ሳቅኩብህ። አልነገርኩልህም። ሐሙስ ሱቁን ሊዘርፉ የመጡት በጠራራ ፀሐይ ገደሉህ።

ትናንት ጋሼ ዮቪል፣ ቤታችን ድረስ መጣ። ሰኞ ትምህርት ስለሚዘጋ ሱቁን እኔ እንድይዝ ወስኗል። እማ አንገቷን ደፋች።

"ጋሼ፣ እፈራለሁ" አልኩት።

"ማን የማይፈራ አለ? ታዲያ ማን ይቁም?"

"ፈቃዱ ላይ ስሙ ያለው ሰው።"

በጥፊ የሚለኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ የሱቁን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተነስቷል። ቤታችን መጥቶ ሳይጸልይ የማይሄድ ሰው ሳይጸልይ ወጣ።

ቁልፉ እስካሁን እዚያው ነው። እማ ጠረጴዛውን ስትወለውል በዙሪያው ታልፋለች እንጂ አትነካውም። ሰኞ እንደሚመለስ አውቃለሁ። ግን አልሄድም። አልሄድም ከማለቴ በፊት ደግሞ፣ እማ ባለችበት፣ ማናሴም ፈርቶ ነበር እለዋለሁ።

ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ።

ታናሽህ
እዮኤል