ድንኳን ለጠየቁን የጀልባ ሽርሽር ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር አቶ ኃይለጊዮርጊስ
የ«ለስላሳ ማዕበል» አስጎብኚ ድርጅት መሥራችና ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ የዕድራችንም የተከበሩ አባል
ፈረንሳይ ለጋሲዮን

ጉዳዩ፦ ለልጅዎ ሰርግ የዕድሩ ድንኳን እንዲሰጥዎ ላቀረቡት ማመልከቻ መልስ ስለመስጠት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ እየነሳሁ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። በተለይ ዓይንዎ እንዴት ነው? መነጽር እንኳ ሳያደርጉ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን አስፋልት ላይ ቆመው የእንጦጦን ባሕር ዛፍ አንድ በአንድ መቁጠር እንደሚችሉ ሰምቻለሁና፣ እግዚአብሔር ያቆይልዎ።

እኔ ጊፍቲ ነኝ። ከእርስዎ ግቢ ሦስት በር ዝቅ ብዬ የምኖር የጂኦግራፊ መምህርት፣ የዕድሩም ንብረት ያዥ። የድንኳኑ፣ የሁለት መቶው ወንበርና የጎላ ድስቶቹ መጋዘን ቁልፍ በእኔ እጅ ነው። ባለፈው እሑድ ልጅዎን ባርኮትን በጥር እንደሚድሩ ገልጸው ድንኳኑን ሲጠይቁ፣ ማመልከቻዎ ተዟዙሮ እኔው ጠረጴዛ ላይ አረፈ። እሰይ አልኩ። ስድስት ወር ሙሉ ጥርሴን ነክሼ የጠበቅሁት ወረቀት ነው።

መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን፣ ይህን ደብዳቤ በዕድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳና በቴሌግራም ግሩፓችን የሚያነቡ አባላት ነገሩ ግር እንዳይላቸው፣ ድርጅትዎ ባለፈው ግንቦት ለእናቴ ለወይዘሮ ብርቄ የዋለላትን ውለታ በአደባባይ ማመስገን ይገባኛል።

እናቴ የተወለደችው ከሐዋሳ ሐይቅ ማዶ፣ በምዕራቡ ዳርቻ ነው። አባቷ ዓሣ አስጋሪ ነበሩ። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ተድራ አዲስ አበባ ከመጣች በኋላ ልጅ ስታሳድግ፣ ሱቅ ስትጠብቅ፣ ዛሬ ነገ ስትል ሃምሳ ዓመት አለፈና ተመልሳ አላየችውም። ባለፈው መጋቢት ሐኪሟ ግላኮማው የዓይኗን ነርቭ እንደጎዳውና የቀራት ብርሃን ከክረምቱ እንደማያልፍ ነገረን። ከመጨለሙ በፊት ምን ማየት እንደምትፈልግ ስጠይቃት አላመነታችም። በልጅነቷ ከአባቷ ጀልባ ላይ ሆና ታየው የነበረውን፣ ሥሩን ውኃው ድረስ የዘረጋውን ዋርካና ከጀርባው ያለውን መንደር፣ እንደ ድሮው ከውኃው ላይ ሆና አንድ ጊዜ ማየት ፈለገች። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

እኔም ወደ ቢሮዎ መጣሁ። ለሁለታችን ብቻ የሚሆን የግል ጀልባ፣ አካባቢውን የሚያውቅ አስጎብኚ፣ ነፋሱ ሳይነሳ በማለዳ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ምዕራቡ ዳርቻ፤ ሁሉንም ነገርኩዎ፣ ምክንያቱንም አልደበቅሁም። እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው እናትሽ አንጀቴን በሉት አሉኝ። ውል እንጻፍ ስልዎ ደግሞ ሳቁብኝ፤ በአንድ ዕድር የምንቀባበር ሰዎች ውል ምን ያደርግልናል አሉ። እኔም አፈርኩ። አዎ፣ አፈርኩ! የእናቴን ዓይን ያህል ነገር በዕድር ዝምድና አስይዤ፣ አመስግኜ ደረጃውን ወረድኩ። ሞኝነቱ የእኔ መሆኑን ከወዲሁ አምኛለሁ፤ የቀረው ግን የእርስዎ ነውና እነሆ በተራ ቁጥር።

1ኛ. ስለ ግል ጀልባው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ደርሰን እናቴ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጀልባው የተንቀሳቀሰው አራት ሰዓት ላይ ነው። ምክንያቱም ክቡርነትዎ ብቸኝነት እንዳይሰማን በማሰብ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ አሥራ ስምንት የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ከነድምፅ ማጉያቸው እስኪመጡ ድረስ ጀልባውን እንዳይነሳ አድርገው ነበር። ስልክ ስደውልልዎ፣ እናትሽም ይጫወታሉ አሉኝ። ምስጋናዬ ወደር የለውም። እናቴ ጉልበቷ ላይ የአንድ ሰው ቦርሳ፣ ጆሮዋ ሥር የአንድ ሰው ድምፅ ማጉያ ይዛ በጣም ተጫወተች።

2ኛ. ስለ አስጎብኚው። አቶ ቶፊቅ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሐይቁን ያን ቀን ከእኛ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳዩት በራሳቸው አንደበት ነግረውናል። የዘወትር ሥራቸው እንግዶችን እንጦጦ ማርያም ማስጎብኘት መሆኑን ግን ማንም ሳይነግረኝ ነው ያወቅሁት። በግራ ያለው ኮረብታ እንጦጦን ይመስላል፣ በቀኝ ያለው ዛፍ እንጦጦ ላይም አለ፣ ነፋሱ ደግሞ ቁርጥ የእንጦጦ ነፋስ ነው አሉን። እናቴ በየማለዳው ከደጃፏ ስታየው የኖረችውን ተራራ እንድትሰማ ያን ሁሉ መንገድ ስለወሰዱን ክብረት ይስጥልን።

3ኛ. ስለ ጉዞው አቅጣጫ። ባለቲሸርቶቹ ጉማሬ ማየት ፈለጉ። ሐይቅ ድረስ መጥቶ ጉማሬ ማየት የሚፈልግ ሰው አይወቀስም፣ አልወቅሳቸውምም። ጀልባው ግን ወደ ጉማሬው ሄደ፣ ጉማሬውም እንደ ባለሥልጣን አስጠበቀን፣ ብቅ ሲል ፎቶ ተነሱ፣ ጠልቆ ሲመለስ ደግመው ተነሱ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ነፋስ ተነሳና ባለጀልባው ከዚህ በላይ አልሻገርም ብሎ ጀልባውን አዞረ። እሱም ቢሆን ምዕራብ የሚባል ነገር ከቢሮዎ እንዳልተነገረው ምሎ ነግሮኛል። የእናቴ ዳርቻ ከሩቅ እንደ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ይታየኝ ነበር፤ ለእኔ። ለእሷ፣ በቀራት ብርሃን፣ ያም አይታያትም ነበር። ደረስን ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ትንሽ ቆይታ ደረስን ወይ አለችኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀኝ፣ ድምፅ ማጉያው እየጮኸ ስለነበር ያልሰማሁ መሰልኩ። በማግሥቱ ሌላ ጀልባ ልፈልግልሽ ብላት፣ በቃኝ፣ ወደ ቤቴ መልሺኝ አለች።

4ኛ. ይህን ቁጥር ልተወው ነበር፤ አልቻልኩም። ከሳምንት በኋላ በድርጅትዎ ገጽ ላይ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ የሚያሳይ ፎቶ ለጥፈው፣ ደስተኛ ደንበኛችን የደስታ እንባ ስታነባ ብለው ጻፉበት። ሦስት መቶ ሰው ወደደው። እንዲያነሱት ስጠይቅዎ፣ ፎቶው ብዙ ደንበኛ እያመጣ መሆኑን በትሕትና አስረዱኝ።

ገንዘቤን አልጠየቅሁም፤ ዛሬም አልጠይቅም። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ የጠየቅሁት እንደገና እንዲወስዷት ብቻ ነበር። ክረምቱ ይውጣና ለከርሞ በቅናሽ እናያለን አሉኝ። በነሐሴ አጋማሽ አንድ ማለዳ እናቴ ተነስታ መብራት ጠፍቷል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መብራት አልጠፋም ነበር። ቅናሽዎ ለማን እንደሚሆን እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ማመልከቻዎ ልመለስ። ድርጅትዎ ባስተማረን አሠራር መሠረት የሚከተለውን መልስ በደስታ አርቅቄልዎ ነበር። ድንኳኑ የግልዎ ይሆናል፤ በዚያው ሰዓት የዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ከነድምፅ ማጉያው በውስጡ ይካሄዳል፤ ሙሽሮቹም ይጫወታሉ። ድንኳኑ የሚተከለው ግቢዎ ውስጥ ሳይሆን ለተካዩ በሚመቸው ቦታ፣ እንጦጦ ዳገት ላይ ይሆናል፤ ከዚያ ሆነው የቤትዎን ጣሪያ እንደ ቀጭን መስመር ያዩታል። ወንበሮቹ ነፋስ ካልተነሳ ይደርሳሉ። ካልደረሱ ለከርሞ በቅናሽ እናያለን።

እንዴት ያለ ደብዳቤ ነበር መሰለዎ! ጽፌ ስጨርስ ለእናቴ አነበብኩላት። ጉማሬው ጋ ስደርስ ሳቀች፤ ዳገቱ ጋ ስደርስ እስክታስል ድረስ ሳቀች። ከዚያ፣ ልጅቷ ምን አደረገችሽ አለችኝ። ባርኮት ልጅ ሳለች ከሱቃችን ከረሜላ ስትገዛ ሁልጊዜ አንዱን ለእናቴ መልሳ ትሰጥ እንደነበር አስታወሰችኝ። እኔ ቂሜን የምተው ሰው አይደለሁም፤ እናቴን ግን እምቢ ማለት አልችልበትም።

ስለዚህ ድንኳኑ ተፈቅዶልዎታል። ሙሉውን፣ ከነሁለት መቶ ወንበሩና ከነጎላ ድስቱ፣ ከሰርጉ ዋዜማ ጀምሮ፣ እርስዎ በመረጡት ቦታ፣ ለእርስዎ ብቻ። እኔ ራሴ ቆሜ አስተክላለሁ። ሰው ቃል ሲገባ እንዴት እንደሚፈጽም የሚያስጎበኝ ሰው ሰፈራችን ውስጥ ሊኖር ይገባል።

ለውለታዎ ቃል አጥሮኝ፣ ስምዎን በየማለዳው በእናቴ አልጋ አጠገብ እያነሳሁ፣ ለከበረው ድርጅትዎ የሚገባውን ሁሉ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ራሴን ዝቅ አድርጌ እሰናበትዎታለሁ።

ጊፍቲ
የዕድሩ ንብረት ያዥ
ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ኅዳር

ግልባጭ፦
— ለዕድሩ ሊቀመንበር
— ለዕድሩ ቴሌግራም ግሩፕ አባላት በሙሉ
— ፎቶውን ለወደዱት ሦስት መቶ ሰዎች

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦ የእኔን መልስ አንብበው እፎይ ብለው ከሆነ፣ እናቴም አንዲት ነገር አስጽፋለች። ሰርጉ ላይ ትገኛለች፤ ከፊት ረድፍ ትቀመጣለች፤ ከጎኗ ያለው ወንበር ለእርስዎ እንዲያዝ አዝዛኛለች። ሲመጡ ስምዎን ይንገሯት፣ ማን መሆንዎን አታይምና። ከዚያ ቃል የገቡላትን ጉብኝት ያስጎበኟታል። ሐይቁ ዳር ካለው ድንጋይ ይጀምሩ፣ ወደ ምዕራብ ያቅኑ፣ ውኃው የት ላይ ቀለሙን እንደሚለውጥ፣ መንደሩ ከዋርካው በየት በኩል እንደሚጀምር ሳይዘሉ ይንገሯት። እንጦጦን ይመስላል እንዳይሏት። ቦታውን በቃሏ ስለምታውቀው ቢዋሿት ታውቅብዎታለች፤ እንግዶችዎም ይሰማሉ። ሄደው አያውቁ ከሆነ እስከ ጥር ገና የሰባት ሳምንት ጊዜ አለ፤ ጀልባው በማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሳ ነው የሚሄደው። ዋርካው ዛሬም ቆሞ እንደሆነ እኛ አናውቅም። ቆሞ ከሆነ እርስዎ ይነግሯታል፤ ተቆርጦም ከሆነ እርስዎ ይነግሯታል።